የተዛወሩ ልደቶች

በቅርቡ ከወጣቶች ኅብረት በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንዲት እህት ስልኳን እየነካካች የልደቴን ቀን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። “እንግዲያው ስኮርፒዮ ነህ፤ ለካ ለዚህ ነው ቂም የምትይዘው” አለችኝ። አጠገቧ የነበረው ወንድም ቻይናውያን በሚሠሩት የመንገድ ፕሮጀክት ላይ ተቀጥሮ የሚሠራ ነው። “እኔን ደግሞ ፈረስ ነህ ብለውኛል፤ ፈረስ አይታሰርም” አለና ሁላችንንም አሳቀን። ቂም መያዜን አልክድም፤ ከሰማይ የመጣ መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ።

ጨዋታው በዚያው አለፈ። እኔ ግን ወደ ቤት ስመለስ ሁለት የታሪክ ገጠመኞች ትዝ አሉኝ፤ አንዱ የጀርመን፣ ሌላው የጃፓን ነው። በሁለቱም አገር የሰው የልደት ቀን ከተፈለገው ኮከብ ወይም ከተፈለገው ዓመት ጋር አልስማማ ሲል፣ ሰዎች ቀኑን ራሱን አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ አዛውረውታል። ውድ አንባቢ፣ ሁለቱን ታሪኮች አብረን እንያቸው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማርቲን ሉተር የተወለደው አይስሌበን በምትባል የጀርመን ከተማ፣ ኖቬምበር 10 ቀን ነው። በማግሥቱ የቅዱስ ማርቲን በዓል ስለነበረ በዚያው ቀን ተጠመቀና ማርቲን ተባለ። ቀኑ ላይ ክርክር የለም። ዓመቱ ግን አከራካሪ ነበር። የቅርብ ወዳጁና የሥራ ባልደረባው ፊልጶስ ሜላንክቶን የሉተርን እናት ስለዚሁ ጉዳይ ጠይቋቸዋል። ቀኑንና ሰዓቱን በደንብ ያስታውሳሉ፤ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው አሉት። ዓመቱን ግን እርግጠኛ አልነበሩም። የሉተር ወንድም ያዕቆብ ደግሞ በቤተሰቡ ዘንድ 1483 ተብሎ እንደሚታሰብ ተናገረ። ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። “የሚካኤል ዕለት፣ ዶሮ ሲጮኽ ነው የተወለድከው” ብለው ሰዓቱን ሳይቀር የሚነግሩን፣ ዓመቱን ስንጠይቃቸው ግን “ያ ድርቅ የገባ ጊዜ” የሚሉን እናቶች አሉን።

በዚያች የአንድ ዓመት ክፍተት ኮከብ ቆጣሪዎች ገቡባት። ጁፒተርና ሳተርን የሚባሉት ሁለት ፕላኔቶች በየ20 ዓመቱ ገደማ ሰማይ ላይ ተቀራርበው ይታያሉ። አውሮፓውያን ከፋርስና ከዐረብ ሊቃውንት በወረሱት ትምህርት መሠረት ይህ ግጥምጥም መንግሥታትን ይጥላል፣ ሃይማኖትን ይለውጣል ተብሎ ይታመን ነበር። በ1484 ሁለቱ ፕላኔቶች የተገናኙት በጊንጥ፣ ማለትም በስኮርፒዮ ነበር። የሚድልበርጉ ጳውሎስ የተባለ ሊቅ ከዚህ ተነሥቶ አዲስ ነቢይ እንደሚነሣ ጻፈ። ዮሐንስ ሊሽተንበርገር ደግሞ የእርሱን አሳብ ወስዶ በ1488 በራሱ መጽሐፍ አሰራጨው። በመጽሐፉ ውስጥ ዲያብሎስ ትከሻው ላይ የተቀመጠበት የመነኩሴ ሥዕል ነበረበት።

እንግዲህ በ1517 አንድ መነኩሴ ተነሥቶ አውሮፓን ሲያናውጥ፣ “ያ የተባለው ሰው ይኸው!” ለማለት የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የልደት ቀኑ አልገጠመም። ሉካ ጋውሪኮ የተባለ ጣሊያናዊ ኮከብ ቆጣሪ የሉተርን ልደት ኦክቶበር 22 ቀን 1484 ላይ አስቀመጠው። ይህ የጠላት ሥራ ነበር፤ በ1552፣ ሉተር ካረፈ ከ6 ዓመት በኋላ፣ ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የሉተርን ኮከብ ቆጥሮ ነፍሱን ወደ ገሃነም ሰድዷታል። የሚያስደንቀው ግን የወዳጆቹ ነገር ነው። በዊተንበርግ ዙሪያ የነበሩ ኮከብ ቆጠራን የሚወዱ ሰዎችም ያን የ1484 ልደት ጠሉት ማለት አይቻልም። ዮሐንስ ካሪዮን የተባለው የብራንደንበርግ ኮከብ ቆጣሪ ቀኑን ተቀብሎ ሰዓቱን ብቻ አዛወረ፤ ሰዓቱ ሲዛወር ትርጉሙም ይዛወራልና። በጠላት እጅ መናፍቅ የሆነው ሕፃን በወዳጅ እጅ የእግዚአብሔር ሰው ሆነ። የእናቲቱ ምስክርነት ግን ከሁለቱም ወገን ጋር አልገጠመም።

ሜላንክቶን በእነዚህ ነገሮች ከልቡ ያምን ነበር። ግሪክኛ አዋቂ፣ የተሐድሶው ትልቅ መምህር ሆኖ ሳለ በዊተንበርግ ዩኒቨርሲቲ የጥንቱን የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ አስተምሯል፤ በ1553 ወደ ላቲን የመለሰውም ያንኑ መጽሐፍ ነው። ሉተር ግን ይቀልድበት ነበር። ኤሳውና ያዕቆብ ከአንድ አባትና እናት፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ኮከብ ሥር ተወልደው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሰዎች መሆናቸውን እያነሣ ይከራከር ነበር፤ ክርክሩ ከእርሱ 1,100 ዓመት በፊት አውግስጢኖስ የተጠቀመበት ነው። የሊሽተንበርገር መጽሐፍ በ1527 ዊተንበርግ ላይ በጀርመንኛ ሲታተም መቅድሙን የጻፈው ሉተር ነው፤ በመቅድሙም የሰውዬው ትንቢት ከመንፈስ ቅዱስ የተገኘ አይደለም፣ ከከዋክብት ጥበብ የተቀዳ ነው አለ። ሁለቱ ወዳጆች በዚህ ነገር ሳይስማሙ እስከ ሞት ድረስ አብረው ሠሩ። ለእኔ ይህ ከክርክሩ ራሱ ይልቅ ያስደንቀኛል።

ሉተር ለመቀለድ ምክንያት ነበረው። በፌብሩዋሪ 1524 ፕላኔቶች በዓሣ ምድብ ስለሚሰበሰቡ ታላቅ የጥፋት ውኃ ይመጣል ተብሎ ከመቶ በላይ ትናንሽ መጻሕፍት ታትመው ነበር። ውኃው አልመጣም። በምትኩ በዚያው ዓመትና በተከታዩ የጀርመን ገበሬዎች ዐመፅ ተነሣ። እውነቱን ለመናገር ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱ ሽፋኑ ላይ መሣሪያ የያዙ ገበሬዎችን ሥሎ ነበር። ከመቶ ግምት አንዱ ቢቀርብ ግን ነቢይ አያሰኝም።

የምዕራቡ ኮከብ ቆጠራ ሥሩ ባቢሎን ነው። መጀመሪያ የንጉሥ ጉዳይ ነበር፤ ጨረቃ ስትጨልም ለንጉሡ ምን ይሆን ይባላል እንጂ የእረኛን ልጅ ዕድል የሚጠይቅ አልነበረም። እስካሁን ከተገኙት ሁሉ ቀደምት የሆኑት የተራ ሕፃናት የልደት ሰሌዳዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት 410 ዓመት ላይ የተጻፉ የባቢሎን የሸክላ ጽሑፎች ናቸው። ፀሐይ በዓመት የምትሄድበትን መንገድ 12 እኩል ቦታ የከፈሉትም እነርሱ ናቸው። በኋላ በግብፅ የነበሩ ግሪኮች አስፋፉት፤ በሁለተኛው ምዕት ዓመት በእስክንድርያ የኖረው ቶሎሚ በመጽሐፍ አደራጀው። ሜላንክቶን የተረጎመው ይህን ነው። በዚህ ሥርዓት ዋናው ጥያቄ “ሕፃኑ ሲወለድ ሰማዩ ምን ይመስል ነበር?” የሚለው ነው። ከምሥራቅ አድማስ የምትወጣው ምድብ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ስለምትለወጥ፣ ሰዓቱና ቦታው ሳይታወቅ ሥራው አይሠራም። ካሪዮን ሰዓቱን ለማዛወር የደከመው ለዚህ ነው። እህታችን በስልኳ ያየችው “ስኮርፒዮ” የዚህ ሁሉ ስሌት ቅሪት ነው፤ ፀሐይ ብቻዋን የነበረችበት ምድብ። እነዚያ 12 ምድቦች በዐረብኛ ስማቸው፣ ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ እያሉ፣ እኛም አገር ገብተዋል። የእኛ ዐውደ ነገሥት ግን ሰማዩንም የልደት ሰዓቱንም አይጠይቅም፤ የሰውየውንና የእናቱን ስም በፊደል ቁጥር ደምሮ ለ12 ያካፍላል።

የምሥራቅ እስያው መንገድ ሌላ ነው። ወንድማችን “ፈረስ ነኝ” ሲል ሰማይ ላይ ፈረስ የሚመስል ኮከብ ያለ እንዳይመስላችሁ። ፈረስ የዓመት ስም ነው። እኛ ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ እያልን ዓመታትን በአራት እንደምናዞር፣ ቻይናውያን በ12 እንስሳት ያዞሯቸዋል፤ አይጥ፣ በሬ፣ ነብር፣ ጥንቸል፣ ዘንዶ፣ እባብ፣ ፈረስ፣ በግ፣ ጦጣ፣ ዶሮ፣ ውሻና አሳማ። ከእንስሳቱ በስተጀርባ ግን በጣም የቆየ ቆጠራ አለ። “የሰማይ ግንዶች” የሚባሉ 10 ምልክቶችና “የምድር ቅርንጫፎች” የሚባሉ 12 ምልክቶች አብረው ሲዞሩ በ60 ይገጥማሉ። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት በሻንግ ነገሥታት ዘመን በአጥንትና በኤሊ ድንጋይ ላይ በተቀረጹ ጽሑፎች ቀኖች የሚቆጠሩት በዚሁ 60 ነበር። ግንዶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ለአምስቱ ባሕርያት፣ ለእንጨት፣ ለእሳት፣ ለአፈር፣ ለብረትና ለውኃ፣ ይመደባሉ። ስለዚህ ፈረስ በየ12 ዓመቱ ሲመለስ “የእሳት ፈረስ” ግን በ60 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል። በዚህ ስሌት የሚሠራ ሰው የልደቱን ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት በየሁለት ምልክት ጽፎ ስምንት ፊደላት ያገኛል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ መስኮት ከፍቶ ሰማይ ማየት አያስፈልገውም፤ የቀን መቁጠሪያ ይበቃዋል።

ቻይናውያን ሰማይ አያዩም ነበር ማለቴ አይደለም። ከማንም በላይ ያዩ ነበር፤ በ1054 በድንገት የፈነዳውን ኮከብ መዝግበው ያቆዩልን እነርሱ ናቸው። ነገር ግን ሰማይ የንጉሠ ነገሥቱ ጉዳይ ነበር። ግርዶሽ ወይም ጅራታም ኮከብ ሲታይ ሰማይ በመንግሥቱ ላይ አንድ ነገር ተናገረ ይባላል። ስለዚህ ቀን የሚቆጥር፣ ሰማይ የሚጠብቅ፣ ለጋብቻና ለቀብር የቀናውን ሰዓት የሚመርጥ መሥሪያ ቤት ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነበረ።

የሁለቱ ዓለም ሰዎች ፊት ለፊት የተገናኙት በዚህ መሥሪያ ቤት ነው። ዮሐን አዳም ሻል በ1592 ኮሎኝ የተወለደ የካቶሊክ ኢየሱሳዊ ሚስዮናዊና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። በ1644 ማንቹዎች ቤጂንግን ሲይዙ የሴፕቴምበር 1ን የፀሐይ ግርዶሽ ከሌሎቹ ሁሉ በተሻለ አስቀድሞ ስላሰላ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ወንጌል የሚገባበት በር የተከፈተ መሰለው። የመሥሪያ ቤቱ የቀን መቁጠሪያ ግን በየዓመቱ “ይህ ቀን ለጉዞ መልካም፣ ያ ቀን ለመቆፈር ክፉ” እያለ የሚታተም ነበር። የገዛ ጓደኞቹ ሚስዮናውያን፣ በተለይ ጋብርኤል ደ ማጋልያይሽ፣ “ክርስቲያን በዚህ ላይ ስሙን እንዴት ያኖራል?” ብለው ከሰሱት፤ ክርክሩ ሮም ደረሰ። ሻል የእኔ ሥራ የሰማይ ስሌቱ ነው፣ ቀን መምረጡ የበታቾቼ ነው ይል ነበር። እኔ በበኩሌ በዚህ መልስ ብዙም አልረካም። ግን በእርሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

በ1658 የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ ጥቂት ወራት ብቻ የኖረ ሕፃን፣ ሞተ። የቀብሩን ሰዓት ይኸው መሥሪያ ቤት መረጠ። በ1660 የሕፃኑ እናት አረፈች፤ በ1661 ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ በፈንጣጣ ሞተ። ያንግ ጓንግሺየን የተባለ የውጭ ሰዎች ተቃዋሚ በ1664 ክስ አቀረበ፤ ከክሶቹ አንዱ የቀብሩ ሰዓት በተሳሳተ ስሌት ተመርጦ እናትና አባቱን ገደለ የሚል ነበር። ሻል በዚያ ጊዜ በሽባነት ተመትቶ መናገር ስለተሳነው ወጣቱ ባልደረባው ፈርዲናንድ ፈርቢስት ይናገርለት ነበር። በ1665 ሥጋው እየተቆራረጠ እንዲሞት ተፈረደበት። ወዲያው በአፕሪል ቤጂንግ በምድር መናወጥ ተመታች። ዳኞቹ ሰማይ በፍርዱ ተቆጣ ብለው ፈሩ፤ ሻል ተለቀቀ። ሊ ዙባይንና ሌሎች አራት ክርስቲያን ቻይናውያን የመሥሪያ ቤቱን ባለሥልጣናት ግን ምድር መናወጡ አላዳናቸውም፤ ተገደሉ። በምልክት የተከሰሰው ሰው በምልክት ተፈታ፤ በዚያው ምልክት ያልተፈቱትን አምስቱን የታሪክ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፏቸዋል።

ፈርቢስት በ1668 መጨረሻ በወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ፊት ተፈተነ። ፈተናው ሰው የሚገባው ዓይነት ነበር፤ በቀትር የአንድ ዘንግ ጥላ እስከ የት ይደርሳል? ቀድሞ ምልክት አደረገ፤ ጥላው ሦስት ቀን በተከታታይ ምልክቱ ላይ አረፈ። ተቃዋሚዎቹ ይህን ማድረግ አልቻሉም። በ1669 መሥሪያ ቤቱ ለእርሱ ተሰጠ፤ የሻልም ክብር ተመለሰ። ሻል ግን ይህን አላየም፤ በኦገስት 1666 አርፎ ነበር።

1666 በ60ው ቆጠራ የእሳት ፈረስ ዓመት ነው። ከባሕሩ ማዶ ጃፓን ውስጥ በዚሁ ዓመት አንዲት ልጅ ተወለደች ይባላል። ኦሺቺ የተባለች የአትክልት ነጋዴ ልጅ ነበረች። ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ስትቃጠል ቤተሰቧ በተጠለለበት ቤተ መቅደስ ያገኘችውን ወጣት ወደደች፤ እንደገና ላገኘው ብላ እሳት ለኮሰች፤ በ1683 በእሳት ተቃጥላ ተቀጣች ይላል ታሪኩ። ኢሃራ ሳይካኩ በ1686 በመጽሐፍ ጻፈላት፤ ቲያትሩም ተከተለ። በእሳት ፈረስ ዓመት የተወለደች ሴት ባሏን ትበላለች የሚለው አባባል ከእርሷ ስም ጋር ተጣብቆ ቀረ። ይህ ፍርሃት በዋናነት የጃፓን ነው፤ ስድሳውን የፈጠረችው ቻይና ራሷ ያን ዓመት እንዲህ አልፈራችውም።

በ1906 የእሳት ፈረስ ተመልሶ ሲመጣ ብዙ ወላጆች ሉተርን ያገኘው ነገር በልጆቻቸው ላይ እንዲደርስ አደረጉ። የዚያ ዓመት መዝገብ ሲታይ የተወለዱት ሴቶች ከወንዶቹ አንጻር ያለ ልማዱ ያንሳሉ፤ ከፊቱና ከኋላው ባሉት ዓመታት ደግሞ ይበዛሉ። ሴት ልጅ የወለደው አባት ቀበሌው ዘንድ ሄዶ “ባለፈው ዓመት መጨረሻ ነው” ወይም ቆይቶ “በዚህ ዓመት መጀመሪያ ነው” ብሎ ያስመዘግባል። በዚህ ላይ መፍረድ ይከብደኛል። ልጁ ወደፊት ባል እንዳታጣ በውሸት ቀን ሊያድናት የሞከረ አባት ነው።

በ1966 ግን ልደት በሐኪም ቤት ስለሆነ ቀን ማዛወር እንደ ድሮው አልተቻለም። ሰዎች ልጆቹን ራሳቸውን አዛወሩ። በ1965 ጃፓን ውስጥ 1,823,697 ሕፃናት ተወልደው ነበር። በ1966 የተወለዱት 1,360,974 ብቻ ናቸው፤ ከአራት አንዱ ያህል ጎደለ። በ1967 ቁጥሩ ወደ 1,935,647 ዘለለ። የሚፈሩት ሴት ልጅን ነበር፤ ነገር ግን በማሕፀን ያለው ሴት ይሁን ወንድ በዚያን ጊዜ የሚታወቅበት መንገድ ስላልነበረ ወንዶቹም አብረው ቀሩ። ይህ የሆነው ፈጣን ባቡር ከሠራችና ኦሎምፒክ ካስተናገደች ሁለት ዓመት ባልሞላት አገር ነው። በ1975 የወጣ ጥናት ደግሞ በዚያ ዓመት በአደጋና በግፍ የሞቱ ጨቅላ ሴቶች ቁጥር ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀምጫለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጃፓን ከ1873 ጀምሮ አዲስ ዓመትን የምትጀምረው በጃንዋሪ 1 ነው፤ የ60ው ቆጠራ የወጣበት የቻይና አዲስ ዓመት ግን በ1966 የገባው በጃንዋሪ 21 ነበር። ስለዚህ በጃንዋሪ 10 የተወለደች ሕፃን ጃፓን ውስጥ የእሳት ፈረስ ተብላ ስትፈራ፣ ቆጠራው በተፈጠረበት አገር ገና በእባብ ዓመት ውስጥ ነበረች።

ከዚያ ዓመት የተወለዱት ሴቶች አድገዋል፤ ተምረዋል፤ አግብተዋል። በቁጥር ጥቂት ስለነበሩ የተቀመጡበት ክፍል ሰፊ፣ የተወዳደሩበት የትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናም ቀለል ያለ ነበር። በ1989 የጃፓን የወሊድ መጠን ወደ 1.57 ወርዶ የ1966ቱን 1.58 ሲያልፍ አገሩ ደነገጠ፤ በዚያ ዓመት ፈረስም እሳትም አልነበረም። ከ1966 ቀጥሎ ያለው የእሳት ፈረስ ዓመት 2026 ነው፤ የ1966 ልጆች 60 ዓመት የሚሞላቸውም በዚሁ ዓመት ነው። በጃፓን 60ውን ቆጠራ ጨርሶ ወደ ተወለደበት ዓመት የተመለሰ ሰው በቤተሰቡ መካከል ይከበራል፤ እንደ አዲስ ሕፃንም ቀይ ሰደርያ ያለብሱታል።